የአንጓች ሦስተኛ ጉልቻ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብና ለሰው ቦታ ስጥ። እንዲህ ነው ነገሩ። ከዚህ እስከ ወንዙ ያለው ሁሉ ደን በነበረ ጊዜ፣ ነብር ከመንደሩ ውሾች ጋር በሚተዋወቅበት ጊዜ፣ የናንተ አያቶች አያቶች ገና ጡት ባልጣሉበት ጊዜ፣ ቀይ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር።

ባላባት አይደለችም። መልኳም ዘፈን የሚወጣለት አልነበረም። ወፍጮ ፈጪ ነበረች። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው እህል ደፍቶ፣ ቆሞ አውርቶ፣ ዱቄት ይዞ መመለስ የለም። ወፍጮው ድንጋይ ነው። ሴትየዋ ጎንበስ ትላለች፣ መጁን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ትገፋለች፣ ትስባለች፣ ትገፋለች፣ ትስባለች። አንጓች ለመንደሩ ሁሉ ትፈጭ ነበር። ከፈጨችው ላይ ጥቂት ዱቄት ይሰጧታል። በዚያ ትኖራለች።

ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። ለበሬው እንኳ ድምፁን የማያነሳ፣ ዝም ያለ ሰው ነበር። ሙጨ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ድህነታቸው እንዴት ያለ ነበር ካላችሁኝ፣ ጉልቻ እንኳ አልነበራቸውም። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን ነው! አንጓች ድስቷን የምትጥደው በሦስት የጭቃ ጓል ላይ ነበር። እሳቱ ሲበረታ ጓሉ ይፈረፈራል፣ ድስቱ ያዘነብላል፣ ወጡ ይፈሳል።

ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ድንጋይ ነው። ነገር ግን በቀይ አፋፍ ጉልቻ ከሜዳ አይነሳም፣ ነውር ነው። ጉልቻ ከሰው እጅ ይመጣል። ሴት ልጅ ስታገባ ሦስቱን ጉልቻ ተሸክሞ ከአዲሱ ቤቷ የሚያደርስላት ወንድሟ ነው። የአንጓች ወንድም ይግዛው ደግሞ በሠርጓ ቀን አልመጣም። እሱ ለሀብታም ሊድራት አስቦ ነበር፤ እሷ ቢያድግልኝን መረጠች። «እህት የለኝም» ብሎ ቀረ። ጉልቻውም አብሮ ቀረ።

ስለ ድንጋይ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሰውን ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን ታውቃላችሁ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። የተበደለው ሰው ድንጋዩን ያነሳለትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይለዋል። ደግ ወግ ነው። የቀይ አፋፍ ሰዎች ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። ድንጋዩን በተበደለው ሰው ደጃፍ ያስቀምጡታል። ዓመት ዓመትን ሲወልድ የደጁ ክምር ያድጋል። ባለቤቱ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ «ይቺ የእገሌ ናት፣ ሚስቴን የሰደባት ጊዜ። ያቺ ደግሞ የእንትና ናት፣ በሬዬን የመታው ጊዜ» ይላል። አይ የሰው ነገር! በአፉ ይቅር ብሏል፣ ድንጋዩን ግን ለልጅ ልጁ ያወርሳል። ልጆቹ በተጣሉ ጊዜ «አያትህ ለአያቴ ተሸክሞ የለም ወይ!» ብለው ከዚያው ይጀምራሉ።

እና አንጓች እንዲህ ባለ መንደር ነበር የምትፈጨው።

አንድ ጊዜ ወይዘሮ ትብለጥ ለበዓል እህል አስፈጨች። ትብለጥ ማለት የመንደሩ ትልቅ ክምር ያላት ሴት ናት። የእህል ክምር ማለቴ አይደለም፣ የደጅ። ዱቄቱ ተመልሶላት ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ጎደለብኝ አለች። «አንጓች ከዱቄቴ ቆንጥራለች» አለች። ለአንዷ ነገረች፣ ለሌላዋ ነገረች፣ ምንጭ ዳር ነገረች። ከዚያ በኋላ እህል ይዞ የአንጓችን ደጅ የሚረግጥ ጠፋ። ወፍጮው ደረቀ። ያን ክረምት አንጓችና ቢያድግልኝ ጎመን እየቀቀሉ በሉ። ትንሹ ሙጨ ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ ቀጠነ።

ክረምቱ ሲወጣ ትብለጥ ቤቷን ልታጸዳ አቁማዳዋን ከግድግዳው ብታነሳው፣ ታቹ ተበስቷል። አይጥ ነው። ዱቄቷ ከአቁማዳው ሥር ተከምሮ፣ ሻግቶ፣ ቆሞ ይጠብቃታል። ትብለጥ ክፉ አልነበረችም፤ ደነገጠች። ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ላቀ ነገረች። እሳቸውም «እንግዲህ ተሸከሚ» አሏት።

ተሸከመች። ግን እንዴት ያለ ድንጋይ መሰላችሁ? ወንዝ ወርዳ፣ ውሃ ያሻሸውን፣ ለስላሳውን፣ ጠፍጣፋውን መረጠች። ነጠላዋን እንዳያቆሽሽም ከሥሩ ጨርቅ አነጠፈች። በሽማግሌዎች መካከል እንደ ሙሽራ እየተራመደች መጣች። አንጓች ከማጀቷ ወጣች። ድንጋዩን አነሳችላት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሽማግሌዎቹ ተቀብለው ደጃፏ ሊያኖሩት እጃቸውን ዘረጉ።

አንጓች ድንጋዩን አየችው። ከሰው እጅ የመጣ ድንጋይ ነው። ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። አንዱን የጭቃ ጓል አውጥታ ጣለችና ድንጋዩን በቦታው ተከለችው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «የይቅርታ ድንጋይ ለጉልቻ?» አለ አንዱ። «ታዲያ ለምን ሊሆን ነበር?» አለች።

በማግስቱ ሽሮ ጥዳ እፍ እፍ ስትል፣ ጧ! ድንጋዩ ፈነዳ። ድስቱ ተሰበረ፣ ሽሮው እሳቱን አጠፋው፣ አንጓች አመድ በአመድ ሆነች። መንደሩ ወሬውን ሲሰማ «የትብለጥን ልብ ድንጋዩ ተናገረው» እያለ ሳቀ። አንጓች ግን አልሳቀችም። ደሟ ፈላ። አመዱን እንኳ ሳታራግፍ ከትብለጥ ደጅ ደረሰች።

«ትብለጥ!»

«አቤት፤ ምነው፣ በደህና?»

«ድንጋይሽ ፈነዳ።»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግሽ?»

«ሌላ አምጪልኛ! የወንዝ ድንጋይ ውሃ የጠጣ ነው፣ እሳት አይችልም። ከአፋፉ ላይ ጥቁሩን አምጪልኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ትብለጥ፤ ግን ወጤን የሚደፋ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል?»

ትብለጥ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። አመድ የለበሰውን ፊት ስታይ ግን ሳቋ አመለጣት። አንጓችም ሳቀች። ሁለቱም ክምሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ትብለጥ አፋፉ ላይ ወጣች። ጥቁሩን ድንጋይ፣ ሸካራውን፣ ማጅራቷ ላይ አደረገች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሸክም አታውቅም። ድንጋዩ አንገቷን ሲፍቃት ያ ሆዱ የተነፋ ልጅ ትዝ አላት። አንጓች ቤት ስትደርስ ታለቅስ ነበር። ሽማግሌ አልነበረም፣ ያየም የለም። የታረቁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንድ ጉልቻ ቆመ።

ሁለተኛው የወንድሟ ነው። ይግዛው ጉልቻዋን ብቻ መች ከለከላት? ከአባታቸው መሬት የደረሳትንም አረሰው። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖረ። በኋላ ጉልበቱን ያዘው፤ ያለ ምርኩዝ መነሳት ተሳነው። ቤቱ ተቀምጦ ሲያስብ የእህቱ ነገር ቆረቆረው። ልሸከም ቢል መቆም አይችልም፤ ልቅር ቢል ሆዱ እምቢ አለው። ምን ያድርግ? ድንጋዩን በአህያ ጭኖ መጣ።

መንደሩ ወጥቶ አየ። አህያዋ ከፊት፣ ይግዛው በምርኩዝ ከኋላ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «አህያ ንስሐ አትገባም! ወጉ በማጅራት ነው» አሉ። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ወይ አይመለስ፣ ወይ አይገባ። አንጓች ከወፍጮዋ ተነስታ ወጣች። ወንድሟን ካየችው ስንት ዘመን ሆኗታል! ጸጉሩ ነጭ ሆኗል።

«አህያዋ ምን በደለችኝ? አራግፉላት» አለች።

ድንጋዩን አወረዱት። አንጓች በአንድ በኩል ያዘችው፤ ወንድሟን በሌላ በኩል አስያዘችው። እንደዚያ እየተንገዳገዱ፣ እሱ እያነከሰ፣ ማጀት አገቡት። ይግዛው የጭቃውን ጓል በእጁ ነቅሎ ድንጋዩን በቦታው ተከለ። «እነሆ ጉልቻሽ። ከሠርግሽ ዘገየሁ» አላት። መሬቷንም መለሰላት። አንጓች ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት የምትሆነውን አጣች።

አሁን ሁለት ጉልቻ ሆነ። ለሦስተኛው አንድ ጓል ቀረ። «ማን ደግሞ ይበድለኝና ይሙላልኝ?» እያለች ትቀልድ ነበር። ምነው ባልቀለደች!

በመከር ወራት ነው። ቢያድግልኝና ዳምጤ የሚባል ጎረምሳ አንድ አውድማ ይጋራሉ። ዳምጤ ሥራ ወዳድ ነው፣ ግን ግልፍተኛ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፤ ዝናብ ሳይመታን ማን ይቅደም ተባባሉ። ቢያድግልኝ በዝግታ «ተራው የእኔ ነው» አለ። ዳምጤ ጮኸ። ቢያድግልኝ በሬዎቹን ይዞ ወደ አውድማው ገባ። ዳምጤ ዱላውን ሰነዘረ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሊገድለው አልነበረም ይላሉ። ቢያድግልኝ ግን ከነዶው ላይ ወደቀ፣ ከዚያም አልተነሳም። ዳምጤ ዱላውን ጥሎ ወደ ገደሉ ሮጠ። በረሃ ገባ።

ልጆቼ፣ ይህችን አንጓች እስካሁን የወደዳችኋት ሳቂታ ስለሆነች ነው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ዳምጤ በመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌ ላከ። መለሰቻቸው። «የሞተው ሰውዬ ይቅር ይበለው፣ እኔ ማነኝ?» አለች። ደግሞ ላከ። ደግሞ መለሰቻቸው። በሦስተኛው ጊዜ ደጇን ዘጋች። ዳምጤም መላኩን ተወ። እሷ ወፍጮዋ ላይ ትጎነበሳለች። መጁን ስትገፋ «ዳምጤ» ትላለች። ስትስብ «ዳምጤ» ትላለች። ልጇ ሙጨ ይህን እየሰማ አደገ።

ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከሰው ጋር ቆማ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ስለ በደልና ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ድምፅዋ ይጠፋል። አጠገቧ የቆሙት ሴቶች ያውቁት ነበር። ሰው ሁሉ ሲል እሷ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ያ ቦታ ካለፈ በኋላ ተመልሳ ትገባበታለች። ቁርባንም ተወች። መምሬ ላቀ አንድ ቀን ለብቻዋ አስቀርተው ጠየቋት።

«ልጄ፣ እዚያ ቦታ ላይ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«አባቴ፣ ልዋሽ? እግዚአብሔርን ልዋሸው?»

 «አትዋሺው» አሏት መምሬ ላቀ። «ግን ‹አልቻልኩም› በይው። እሱንም ቢሆን ንገሪው። ዝም አትበይው።»

አንጓች ይህንንም አላደረገችም። ቂሙን ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እንደ ሕፃን ነበር የምታቅፈው። ማታ አብሯት ያድራል፣ ጠዋት አብሯት ይነሳል። ማጀቷ ስትገባ ድስቷ ያዘነብላል፤ ሦስተኛው ጓል ሁልጊዜ ይፈረፈራል። ትብለጥ «እባክሽ፣ አንዱን ከደጄ ወስደሽ ሙዪው» ብትላት «የሦስተኛው ባለቤት ይታወቃል» አለቻት።

ሙጨ ጎረመሰ። ያባቱ ደም እስኪመለስ ጸጉሬን አልቆረጥም ብሎ ጎፈሬውን አሳደገ። ሠርግ ቤት ወንዶች ሲፎክሩ እሱ ከጥግ ይቀመጣል። «ያባቱን ገዳይ አይቶ እንዳላየ» እያሉ ያንሾካሹኩበታል። ሳይበላ ተነስቶ ይመለሳል። ለእናቱ ምንም አይላትም። እናቱም ምንም አትለውም። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ያስባሉ፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ዝም ተባብለው።

አንድ ቀን ጠዋት አንጓች ገብስ ትፈጭ ነበር። ሙጨ እርሻ ወርዷል። ዱቄቱ መላሙን ለማወቅ እንደ ልማዷ ጥቂት ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች። ብረት ብረት አላት። ተፋችው። ከሌላ ቦታ ቆንጥራ ቀመሰች። ያው ነው። ደም አፍ ውስጥ ሲገባ እንደሚለው። መጁን አንስታ ወፍጮዋን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከጠርዙ ላይ ቀጭን ቦይ ወጥቶበታል። አዲስ ነው።

ወዲያው ገባት። ጣሪያው ውስጥ እጇን ሰዳ ፈለገች። የቢያድግልኝ አሮጌ ጦር፣ ዝጎ የነበረው፣ አሁን ያብለጨልጫል። ልጇ በወፍጮዋ ስሎታል።

አንጓች መሬት ላይ ቁጭ አለች።  «ይገድለዋል» አለች። «ከዚያ የዳምጤ ወገኖች እሱን ይገድሉታል። ወይም እንደ ዳምጤ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ይኖራል። እኔስ ማንን እቀብራለሁ?» የወፍጮውን ቦይ ደግማ አየችው። መጁን ስትገፋ የምትለው ስም ትዝ አላት። ስትስብ የምትለውም ስም ትዝ አላት። ስንት ዓመት በልጇ ጆሮ! «ይህን ጦር የሳለው ሙጨ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት።» ያን ጊዜ መምሬ ላቀ ያሏትን አደረገች። አመዱ አጠገብ ተደፍታ «አልቻልኩም» አለችው ለፈጣሪዋ። «ይቅር ልለው አልቻልኩም። አንተ ካላስቻልከኝ ልጄ መጥፋቱ ነው።» እያለቀሰች ደጋግማ ነገረችው።

ስትነሳ የምታደርገውን አወቀች። ጦሩን ከነበረበት ተወችው፤ ልጇንም አልጠራችውም። በዝምታ ያሳደገችው ልጅ በቃል እንደማይመለስ ታውቃለች። አፋፉ ላይ ወጣች። ከጥቁሮቹ ድንጋዮች መርጣ አንዱን፣ ከሁሉ ከባዱን፣ ማጅራቷ ላይ አደረገች። በቀትር፣ መንደሩ ሁሉ እያያት፣ ወደ ገደሉ መንገድ ጀመረች።

ትብለጥ ከደጇ ሮጣ ወጣች።

«አንጓች! ምን ሆነሻል? ማንን በድለሽ ነው?»

«ወደ ዳምጤ ነኝ።»

«ኧረ በሞቴ! ተገላቢጦሽ! ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ነው እንጂ!»

«ልምጣ ሲል ማን መለሰው?» አለች አንጓች። መንገዷን ቀጠለች።

ሰዉ «አበደች» አለ። አንዳንዱ አማተበ። ትብለጥ ግን ቁልቁል ወደ እርሻው ሮጠች። ሙጨን እናቱን እንዲመልሳት ለመነችው። ሙጨ ሞፈሩን ጣለ። ወደ ቤት በረረና እጁን ወደ ጣሪያው ሰደደ። ጦሩን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ። ትብለጥ ያደረገችው ነገር የዚያን ጊዜ ገባት፤ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች።

መንገዱ ፍየል እንኳ እየተጠነቀቀች የምትወርደው ነው። አንጓች ወረደች። ድንጋዩ ቆዳዋን ላጠው፣ ደሟ በጀርባዋ ወረደ። ከታች ዋሻ አለ። ዳምጤ እዚያ ነው የሚኖረው፣ ከጥቂት ፍየሎች ጋር። ኮቴ ሲሰማ በትሩን ይዞ ዘሎ ወጣ። ሊገድሉት የመጡ መስሎታል። ቀና ብሎ ሲያይ አንዲት ሴት ጎብጣ ቆማለች። ፊቷን አላየውም። ድንጋዩን ግን አየው። በትሩ ከእጁ ወደቀ።

«እትዬ አንጓች?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን… ምን ተሸክመሽ ነው? እኔ ነኝ የምሸከመው፤ እኔ ነኝ ቤትሽን ያፈረስኩት!»

«የአንተን አንተ ታውቃለህ። እኔ የመጣሁት በራሴ በደል ነው» አለች አንጓች። «ሽማግሌ ስትልክ መለስኩህ። ደጄን ዘጋሁብህ። ባሌን ስለገደልክ አልቅሼ ነበር፤ እሱስ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ግን አንተን መጥላት ሥራዬ ሆነ። ልጄን በጥላቻ አሳደግኩት። ስለያዝኩብህ ቂም ይቅር በለኝ። ድንጋዩን አንሳልኝ ዳምጤ፣ ከበደኝ።»

ዳምጤ ቀረብ አለ። እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። «እኔ? በዚህ እጄ?» አለ። ድንጋዩን የሚያነሳ ይቅር የሚል ሰው ነው። እሱ ገዳይ ነው። ምኑን ይቅር ይበላት? ወጉ እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቅም። አንጓች ደግሞ ካላነሳላት ቀና አትልም። ከነሸክሟ ተንበረከከች። ዳምጤ ያን ጊዜ የቻለውን አደረገ። ከፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ከድንጋዩ በታች ገባ። አንገቱን ከአንገቷ አጠገብ አድርጎ ሸክሙን ተጋራ። ሁለቱ አንድ ድንጋይ ተሸክመው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ፣ ቀሩ።

ሙጨ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው።

ጦሩ በእጁ ነው። የዳምጤ ጀርባ ተጋልጦለታል። ስንት ዓመት የተመኘው ጀርባ! ዳምጤ ኮቴውን ሰማ፣ ማን እንደሆነ አወቀ፣ ግን አልተነሳም። ቢነሳ ድንጋዩ በሙሉ በአንጓች አንገት ላይ ይወድቃል። «ና፣ ልጄ። መብትህ ነው። እናትህን ብቻ አትንካት» አለ።

ሙጨ እናቱን አየ። ደሙን አየ። «እማዬ፣ ተነሺ!» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ነበር።

«አልችልም» አለች። «የሚያነሳልን ካልመጣ ሁለታችንም አንነሳም። እሱ ይቅር ልበል ቢል ገዳይ ነኝ ይላል። እኔ ይቅር ልበል ብል ቂመኛ ነኝ። አንተ ነህ የቀረኸው፣ ሙጨ።»

ሙጨ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ተጠጋና አንድ እጁን ሰደደ። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ በአንድ እጅ አይነሳም። ጦሩን እንደያዘ ደግሞ ሞከረ፤ አልሆነም። ድንጋዩ አዘንብሎ እናቱን ተጫናት፤ «አህ» አለች። ሙጨ ጦሩን ጣለ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ከሁለቱም አንገት ላይ አነሳው፤ ደረቱ ላይ አቀፈው። ድንጋይ ያነሳ ሰው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲባል የሰማው ነው። ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ይቅር… ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ይህን ብሎ ማልቀስ ጀመረ። አባቱ ሲቀበር ሕፃን ነበር፣ አላለቀሰም። አሁን ድንጋዩን አቅፎ አለቀሰ። ዳምጤ መሬቱን ሳመ። አንጓች ቀና አለች፤ ቀስ ብላ፣ አንገቷን እየያዘች።

ድንጋዩን ሽቅብ ያወጣው ሙጨ ነው። ዳምጤ ላግዝህ ቢለው እምቢ አለ። መንደሩ አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ሬሳ ይመጣል ብሎ። ሦስት ሰው ሲመጣ አየ። ትብለጥ እልልታዋን ለቀቀችው። መምሬ ላቀ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። አንጓች በሰዉ መካከል አልፋ ማጀቷ ገባች። የመጨረሻውን የጭቃ ጓል አውጥታ ጣለች። ሙጨ ድንጋዩን ተከለው። ድስቱ ተጣደ። አላዘነበለም። ዳምጤና ሙጨ ያን ዕለት ከአንድ ገበታ በሉ፤ መጀመሪያ ላይ እጃቸው እየፈራ፣ በኋላ ግን እንደ ራበው ሰው።

ሙጨ በማግስቱ ጎፈሬውን ተላጨ። ጦሩን ቀጥቃጭ ቤት ወስዶ የወፍጮ መውቀሪያ አሠራው፤ አንጓች ያን ቦይ በዚያው ብረት ወቅራ አጠፋችው። ዳምጤም እስኪሞት ድረስ የአንጓችን መሬት ሲያርስ ኖረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያ ቦታ ሲደርስ፣ ያ ስለ ይቅርታ የሚለው ቦታ፣ አንጓች ጮክ ብላ ስላለችው ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። አፈረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ግን ብላዋለች።

ከዚያ በኋላ የደጇን ክምር ያፈረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ትብለጥ ናት። ክምሯን በትና ጥቁር ጥቁሩን ጉልቻ ለሌላቸው አዳረሰች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ዛሬ ቀይ አፋፍ ብትሄዱ በማንም ደጅ የይቅርታ ድንጋይ አታዩም። ሰው ሲታረቅ ሽማግሌዎቹ «ወደ ጉልቻ!» ይላሉ፤ ሰዉም «ወደ ጉልቻ!» ብሎ ይቀበላል። ድንጋዩ ከማጅራት ወርዶ ማጀት ይገባል። የወንዝ ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ይመልሱታል፤ «አንጓች ትቆጣለች» ይሉታል። እንግዲህ እሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው!

ሙጨ ደግሞ አረጀ፤ የልጅ ልጅ አየ። ቤቱ ያው የእናቱ ቤት ነው፣ ጉልቻውም ያው ነው። አንድ ቀን የልጅ ልጆቹ ከበቡትና «አባባ፣ የዳምጤ ድንጋይ የቱ ነው?» አሉት። ሦስቱም ጥላሸት ለብሰው፣ እንደ ሌሊት ጠቁረው ቆመዋል። ሽማግሌው ጎንበስ አለ። አንዱን በምርኩዙ ነካ፣ ሌላውንም ነካ። ያንን ድንጋይ አቅፎ ከገደል ያወጣው እሱ ነው። ሦስተኛውንም ነካ።

«እኔንጃ» አለ በመጨረሻ። «ረሳሁት። በሉ ድስቱን ጣዱ፣ ራበኝ።»

በሉ፣ እኔም የተቀበልኩትን አስረከብኳችሁ። ተነሱና አንዳችሁ እሳቱን እፍ በሉት።